ከዊንዶውስ 11 አፕዴት በኋላ ግራፊክስ ካርዱ አልሰራ አለ፤ ፎርማት ሳላደርግ የሚስተካከልበት መንገድ አለ?

የሰርግ ኤዲተር፣ ሐዋሳ፦

ሰላም ቤተሰብ። የምታውቁ ካላችሁ እህታችሁን እርዱኝ።

ስራዬ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው። ላፕቶፔ ኮር አይ5፣ 8ኛ ትውልድ ነው፣ ራሙ 16 ጊጋ። ሁለት ግራፊክስ አለው፤ አንዱ ኢንቴል ዩኤችዲ 630፣ ሌላው ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1050። ዊንዶውስ 10 ላይ ምንም እንከን አልነበረበትም። ግን ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ ድጋፉ ስለተቋረጠ፣ የደንበኞቼን ቪዲዮ የያዘ ኮምፒውተር ያለ ደህንነት አፕዴት ማቆየት ስላልፈለግኩ በዚህ ሳምንት ወደ 11 አሳደግኩት። መጫኑ በሰላም አለቀ። ፋይሎቼም ፕሮግራሞቼም ቦታቸው ላይ ናቸው። የተበላሸው የስክሪኑ ነገር ነው።

ብራይትነስ አይሰራም። ቁልፉን ብጫን ብጫን ለውጥ የለም፣ መብራቱ መጨረሻው ላይ ቆሞ ቀርቷል፣ ማታ ስሰራ ዓይኔን ያቃጥለኛል። ጽሑፉና አይከኑ ትልቅ ሆኖ ደብዝዟል፣ ሪዞሉሽን ልቀይር ስል ደግሞ ምርጫው አይከፈትልኝም። በኤችዲኤምአይ የማገናኘው ትልቁ ስክሪን ጨርሶ አይታይም። ከሁሉም የባሰው ኤዲት የማደርግበት ፕሮግራም፣ ፕሪሚየር ነው። ፕሮጀክት ሴቲንግስ ውስጥ ረንደረር የሚለው ቦታ ላይ ድሮ ኩዳ የሚል፣ ስራውን በኤንቪዲያው ካርድ የሚያሰራ ምርጫ ነበር፣ አሁን ያለው «ሶፍትዌር ኦንሊ» ብቻ ነው። ታይምላይኑ ይጎተታል፣ አንድ ከለር የነካሁት ክሊፕ ላይ ሲደርስ ድርቅ ይላል። ድሮ ቡና ጠጥቼ ስመለስ የሚያልቅ ኤክስፖርት አሁን ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል።

ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ አዲሱን ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘውን ሶፍትዌር) አወረድኩ፣ ቁጥሩ በ591 ይጀምራል። ወደ አንድ ጊጋ የሚጠጋ ዳታ በልቶ ሲያበቃ፣ ልጭነው ስል «ተስማሚ የግራፊክስ ሃርድዌር አላገኘሁም» ብሎ ቆመ። ላፕቶፕ የሚጠግኑ ሰዎች ጋ ወሰድኩት፤ ወይ ካርዱ ተቃጥሏል ወይ ፎርማት መደረግ አለበት አሉኝ። ወሩ ጥር ነው፣ የሰርግ ወር፣ የማስረክበው ስራ ተደርድሮ ይጠብቀኛል። ፕለጊኖቼን፣ ፎንቶቼን፣ ፕሪሴቶቼን ሁሉ እንደገና መጫን ማለት ስራ ማቆም ማለት ነው። ፎርማት ሳላደርግ የሚስተካከል ነገር ነው? ካርዱስ በእርግጥ ሞቶ ይሆን?

ንጹህ ጭነት፦

እህቴ በከንቱ አትድከሚ። ዳታሽን ወደ ኤክስተርናል ገልብጪና ፎርማት አድርጊው። አፕግሬድ ሁሌም የሆነ ነገር ይዞ ይመጣል፣ አዲስ ሲጫን ግን ይጸዳል። ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።

የመርካቶ ቴክኒሻን፦

ከላይ የተሰጠውን ምክር አልቀበለውም፣ ምክንያቴንም ልናገር። ፎርማት ብታደርጊ የሚጫነው ያው ዊንዶውስ 11 ነው። አዲስ ዊንዶው ሲነሳ ካርዱን የሚያናግር ድራይቨር እስኪያገኝ ድረስ በራሱ መሠረታዊ ድራይቨር ስክሪኑን ያበራና ይጠብቃል። ያኔም ዊንዶውስ አፕዴት ትክክለኛውን ድራይቨር ካላመጣ ፈልገሽ የምትጭኚው አንቺው ነሽ። ስለዚህ ፎርማት አድርገሽ የምትደርሺው አሁን የቆምሽበት ቦታ ላይ ነው፣ ያውም ፕለጊኖችሽን አጥተሽ። ሱቅ ውስጥ ፎርማት የሚመከረው ለጠጋኙ ስለሚቀል ነው፤ ምክንያቱን መፈለግ ጊዜ ይወስዳል፣ ፎርማት ግን ፍላሹን ሰክቶ ሌላ ስራ መስራት ነው። በዚህ አካሄድ ሰው በየጊዜው ስራውን ሲያጣ ማየት ያሳዝነኛል።

ካርዱ ሞቷል የሚለውንም ገና አትመኚ። ችግሩ የጀመረው አፕዴቱ እንዳለቀ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ድራይቨሩ ነው። ካርድ ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ምልክት ያሳያል። ስክሪኑ ላይ ባለቀለም መስመርና ነጠብጣብ ይወጣል፣ ሬንደር ላይ ሲሞቅ ማሽኑ ይዘጋል ወይም ሰማያዊው ስክሪን ይመጣል። አንቺ የነገርሽን ውስጥ ይሄ የለም።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርሽ። አንድ ችግር ያለብሽ ይመስልሻል፣ ያሉብሽ ግን ሁለት ናቸው። በዚያ ዘመን የወጡ አብዛኞቹ ባለሁለት ግራፊክስ ላፕቶፖች ላይ የላፕቶፑ ስክሪን በቀጥታ የተገናኘው ከኢንቴሉ ጋር ነው። ኤንቪዲያው ከባዱን ስራ ይሰራና ምስሉን ለኢንቴሉ ያቀብላል፣ ወደ ስክሪኑ የሚያወጣው ኢንቴሉ ነው። ወጥ ቤቱ የቱንም ያህል ቢሰራ አስተናጋጅ ከሌለ ምግቡ ጠረጴዛ ላይ አይደርስም። ብራይትነስ አልሰራም፣ ሪዞሉሽን አልቀየር አለ፣ ጽሑፉ ደበዘዘ ያልሽው የኢንቴሉ ድራይቨር እንደሌለ ነው የሚነግረኝ። ኩዳ ጠፋ ያልሽው ደግሞ የኤንቪዲያው ነው። ሁሉም ሰው የሚሮጠው ወደ ኤንቪዲያው ነው፣ ምክንያቱም ስሙ ትልቅ ነው። መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ግን ኢንቴሉ ነው።

ይህን አይተሽ ንገሪን። ስታርት ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጊና ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቺ። ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ዘርግተሽ ምን ምን ስም እንዳለ ጻፊልን። ቢጫ ምልክት ያለበትን ሁለቴ ክሊክ ስታደርጊ ዲቫይስ ስታተስ የሚል ሳጥን አለ፣ እዚያ ውስጥ ኮድ ብሎ ቁጥር ይጽፋል። ቁጥሩ ወሳኝ ነው። 22 ከሆነ ካርዱ እንዲጠፋ ተደርጓል ማለት ነው፣ ቀኝ ክሊክ አድርገሽ ኢኔብል ማለት ብቻ ነው። 31 ከሆነ ዊንዶውስ የሚያስፈልገውን ድራይቨር መጫን አልቻለም። 43 ከሆነ ካርዱ ወይም ድራይቨሩ ችግር አለብኝ ስላለ ዊንዶውስ አስቁሞታል። 52 ከሆነ የድራይቨሩ ዲጂታል ፊርማ አልተረጋገጠም። የኤንቪዲያው ስም ከነጭራሹ ከሌለና ቪው ገብተሽ ሾው ሂድን ዲቫይስስ ስትዪም ካልመጣ ያኔ ስለ ሃርድዌር እናወራለን።

የሰርግ ኤዲተር፣ ሐዋሳ፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። አየሁት። ሁለት ስም አለ። የመጀመሪያው «ማይክሮሶፍት ቤሲክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ይላል፣ ምልክት የለበትም። ኢንቴል የሚል ስም የትም የለም። ሁለተኛው ኤንቪዲያ ጂፎርስ ጂቲኤክስ 1050 ነው፣ ቢጫ ምልክት አለበት፣ ኮዱ 43 ነው። 43 ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ብዙ ሰው ካርዱ ሞቷል ይላል፣ ደነገጥኩ።

ኩዳ ወዳጅ፦

አትደንግጪ። 43 ሰፊ ኮድ ነው። የሞተ ካርድም ያመጣዋል፣ የተበላሸ ድራይቨርም ያመጣዋል፣ እንዳንቺ ባለ ላፕቶፕ ላይ የኢንቴሉ ድራይቨር ሲጠፋም ይመጣል። ካርዱ በስሙ መታየቱ ጥሩ ነገር ነው፤ ማዘርቦርዱ አውቆታል ማለት ነው።

ያ በ591 የሚጀምረው ድራይቨር ለምን እንዳልተቀበለሽ ግን እኔ ልመልስ፣ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ዳታውን እያቃጠለ ነው። ጂቲኤክስ 1050 ፓስካል የሚባለው ትውልድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2025 ማክስዌል፣ ፓስካልና ቮልታ ለሚባሉት ትውልዶች መደበኛ ድራይቨር ማውጣት እንደሚያቆም አስታውቆ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ አቁሟል። ከዚያ በኋላ እስከ ጥቅምት 2028 እ.ኤ.አ. የሚወጣላቸው የደህንነት ማስተካከያ ብቻ ነው። የመጨረሻው ቤታቸው 580 የሚባለው ቅርንጫፍ ነው፣ ለምሳሌ በ580ና በ581 የሚጀምሩት። በ591 የሚጀምረው ውስጥ የካርድሽ ስም የለም። ጫኚው «ተስማሚ ሃርድዌር አላገኘሁም» ያለሽ እውነቱን ነው፣ ካርዱ ስለሞተ አይደለም።

ስለዚህ ፊት ለፊት የተለጠፈውን «አዲሱ» የሚል አታውርጂ። ድራይቨር መፈለጊያው ላይ ራስሽ ምረጪ። ዓይነቱ ጂፎርስ፣ ተከታታዩ ጂፎርስ 10 ሲሪስ ኖትቡክስ የሚለው፣ ካርዱ ጂቲኤክስ 1050፣ ሲስተሙ ዊንዶውስ 11። ኖትቡክስ የሚለውን እንዳትዘዪው፣ የዴስክቶፑ ለብቻው ነው። ስቱዲዮ የሚል ካመጣልሽ እሱን ውሰጂ፣ ለኤዲቲንግ የሚሻለው እሱ ነው። ከሌለ ጌም ሬዲ የሚለውም ኩዳን ያስነሳልሻል።

ሌሎች ለምታነቡም፦ ጂቲኤክስ 900 ተከታታይ ያላችሁ እንደ እህታችን ናችሁ። ጂቲኤክስ 1650ና 1660 ግን ቱሪንግ ስለሆኑ አዲሱን መጫን ትችላላችሁ። ከዚያ የባሱ አሮጌዎች፣ ኬፕለር የሚባሉት ጂቲኤክስ 600ዎቹና አብዛኞቹ 700ዎቹ፣ የዴስክቶፕ ከሆኑ 470 ቅርንጫፍ ላይ ነው የቆሙት። ከዚያ በላይ ያለውን አዲስ መሞከር ዳታ ማባከን ነው።

የመርካቶ ቴክኒሻን፦

ኩዳ ወዳጅ በትክክል አስቀምጦታል። ኢንቴልም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከ6ኛ እስከ 10ኛ ትውልድ ያሉትን ከአዲሶቹ ለይቶ የራሳቸው ጥቅል ሰጥቷቸዋል። ከ11ኛ ትውልድ ወዲህ ላሉት የሚወጣው ዩኤችዲ 630 ላይ አይጫንም። ከሁሉም የሚሻለው ግን ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ማውረድ ነው። ከላፕቶፑ ጀርባ ወይም ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) ውስጥ ያለውን ሲሪያል ቁጥር ስታስገቢ ለዚያ ማሽን ተብሎ የተዘጋጀውን ያመጣልሻል፣ ብራይትነስና የእንቅልፍ ሁኔታ ከእሱ ጋር በደንብ ይናበባሉ። አምራቹ ለዊንዶውስ 11 ካላወጣ የዊንዶውስ 10ሩን ውሰጂ፣ ባለ 64 ቢት መሆኑን ብቻ አረጋግጪ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም ድራይቨሮች አውርጂና ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጪ፣ ፍላሽ ላይም ገልብጪ። ሁለቱ ተደምረው ጊጋ ያልፋሉ፣ የሌሊት ፓኬጅ ካለሽ በሱ አውርጂ። ቀጥለሽ ሪስቶር ፖይንት (ነገሩ ቢበላሽ የምትመለሺበት ነጥብ) ፍጠሪ፣ ስታርት ላይ ክሪኤት ኤ ሪስቶር ፖይንት ብለሽ ስትጽፊ ይመጣል። ከዚያ ዋይፋዩን አጥፊው፣ ኬብል ካለም ንቀዪ። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ኢንተርኔት ካለ አንቺ አንዱን ስትጭኚ ዊንዶውስ አፕዴት ከጀርባ ሌላውን መጫን ይጀምርና ይጋጫሉ።

አሁን ኢንቴሉን ብቻ ጫኚ። ስክሪኑ ጨለም ብሎ ይመለሳል፣ አትንኪው። ሲጨርስ ሪስታርት አድርጊ። ዝም ብሎ መዝጋትና መክፈት ሳይሆን ሪስታርት፤ ፋስት ስታርታፕ ስላለ ሹት ዳውን ስትዪው ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ሲነሳ ብራይትነሱን ሞክሪ። ከሰራ ግማሹ አልቋል። ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቺና 43 አሁንም እንዳለ እዪ፣ አንዳንዴ በዚሁ ብቻ ይጠፋል። ጠፋም አልጠፋ ኤንቪዲያውን ጫኚ። ከስተም የሚለውን መርጠሽ ፐርፎርም ኤ ክሊን ኢንስታሌሽን የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ። ጨርሶ ሲያበቃ እንደገና ሪስታርት።

ዲዲዩ የሚባለውን የድራይቨር ማጽጃ ብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ ይመክራል። ጥሩ መሣሪያ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ፣ ግን መጀመሪያ የሚነካ አይደለም። ከላይ ያለው ካልሰራ ብቻ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በመሠረታዊ ድራይቨር ብቻ የሚነሳበት ሁኔታ) ገብተሽ በሱ ሁለቱንም ታጠፊና ከኢንቴሉ ትጀምሪያለሽ። ሴፍ ሞድ ለመግባት ሺፍት ይዘሽ ሪስታርት የሚለውን ትጫኚያለሽ፣ ትረብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርታፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት፣ ከዚያ 4 ቁጥርን። ድራይቨር በራሳችን ፈልገን እንጭንልሻለን ከሚሉት ፕሮግራሞች ግን ራቂ። ያልፈለግሽውን ማስታወቂያና ቶልባር ይዘው ይገባሉ፣ ድራይቨሩንም ብዙ ጊዜ ይስቱታል።

ባንክ አይቲ፦

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሴፍ ሞድ ከመነካቱ በፊት። ዊንዶውስ 11 ብዙ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩን ኢንክሪፕት ያደርጋል፣ ቢትሎከር ወይም ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን ይባላል። ሴፍ ሞድ ስትገቢ ወይም ባዮስ ስትነኪ ባለ 48 አሃዝ ሪከቨሪ ኪ ሊጠይቅሽ ይችላል። ኪው ከሌለሽ ፋይሎችሽ ተቆልፈው ይቀራሉ፣ ማንም ጠጋኝ ሊከፍታቸው አይችልም። ስለዚህ ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ገብተሽ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን መብራቱን አለመብራቱን እዪ። ከበራ ኪው ማይክሮሶፍት አካውንትሽ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ በስልክሽ ገብተሽ ወረቀት ላይ ጻፊው። ላፕቶፑን ስላሽ የገዛችሁ ሰዎች ይህን በተለይ አስቡበት፤ ዊንዶው ሳይቀየር የተሸጠ ከሆነ ኪው የቀድሞው ባለቤት አካውንት ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ነገ የግድ የሚረከብ ስራ ካለሽና ጊዜ ካጠረሽ ሌላም መውጫ አለ። ካሳደግሽ 10 ቀን ካልሞላው ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ ጎ ባክ የሚል አለ፣ ወደ ዊንዶውስ 10 ይመልስሻል። ፋይሎችሽን አይነካም፣ ከአፕዴቱ በኋላ የጫንሻቸው ፕሮግራሞች ግን ይሄዳሉ። ቦታ ለማስለቀቅ ብለሽ ዲስክ ክሊንአፕ ላይ የቀድሞውን ዊንዶውስ ካጠፋሽው ግን መመለሻው የለም። ለዊንዶውስ 10ም እስከ ጥቅምት 2019 ዓ.ም. የሚቆይ የተራዘመ የደህንነት አፕዴት ስላለ በሱ ተመዝግበሽ የሰርጉን ወር ማለፍ ትችያለሽ።

የሰርግ ኤዲተር፣ ሐዋሳ፦

ቤተሰብ፣ ሰራ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኢንክሪፕሽኑን አየሁ፣ በርቶ ነበር፣ ኪውን ጽፌ አስቀመጥኩ። ከአምራቹ ድረ ገጽ የኢንቴሉን አገኘሁ። ዋይፋዩን አጥፍቼ ስጭነው ስክሪኑ ሁለት ሦስቴ ጨለመና ሲመለስ ጽሑፉ ጥርት ብሎ ነበር፣ ገና ሪስታርት ሳላደርግ። ከሪስታርቱ በኋላ ብራይትነሱ እሺ አለኝ። ኮድ 43 ግን ነበር። በ581 የሚጀምረውን ኤንቪዲያ በክሊን ኢንስታሌሽን ስጭን ምንም ሳያንገራግር ተቀበለው። አሁን ቢጫው ምልክት የለም። ፕሪሚየር ላይ ኩዳ ተመልሷል፣ ያ ድርቅ የሚለው ክሊፕም ሳይቆራረጥ ይጫወታል። ዲዲዩ አላስፈለገኝም።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ታስክ ማናጀር ላይ ሳየው ፕሪሚየር አንዳንዴ ጂፒዩ 0 ላይ፣ ማለትም ኢንቴሉ ላይ ይሰራል። ሁለተኛ፣ ዋይፋዩን ሳበራ ዊንዶውስ የራሱን ድራይቨር መልሶ እንዳይጭንብኝ ፈራሁ።

የመርካቶ ቴክኒሻን፦

ደስ ብሎኛል፣ ፎርማት ሳይደረግ በማለቁ በተለይ።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ግቢ። ከዝርዝሩ ፕሪሚየርን ምረጪ፣ ከሌለ ጨምሪው። ኦፕሽንስ ውስጥ ሃይ ፐርፎርማንስ የሚለውን ያዢ፣ ከጎኑ የኤንቪዲያውን ስም ያሳይሻል። ፕሪሚየርን ዘግተሽ ክፈቺ። ኢንቴሉ ላይ ትንሽ እንቅስቃሴ ብታዪ ግን አትከፊ፣ ስክሪኑን የሚያበራው እሱ ስለሆነ ይንቀሳቀሳል፤ ፕሪሚየርም ኤች.264 ቪዲዮ ሲፈታ የኢንቴሉን ክዊክ ሲንክ መጠቀም ይወዳል፣ ይሄ ይጠቅምሻል እንጂ አይጎዳሽም።

የሁለተኛው ፍርሃትሽ ትክክል ነው። ዊንዶውስ አፕዴት ድራይቨርም ያከፋፍላል፣ አንዳንዴም አንቺ ከጫንሽው ያረጀውን አምጥቶ ይተካዋል። ስታርት ላይ ቼንጅ ዲቫይስ ኢንስታሌሽን ሴቲንግስ ብለሽ ጻፊና ኖ የሚለውን መርጠሽ አስቀምጪ። ዊንዶውስሽ ፕሮ ከሆነ ግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ ድራይቨርን ከአፕዴት የሚያስወጣ መመሪያ አለ፣ እሱ የበለጠ አስተማማኝ ነው፤ ሆም ላይ ግን የለም። ዋይፋይሽንም ሚተርድ ኮኔክሽን (ዳታው የሚቆጠር መስመር) ብታደርጊው ብዙ አፕዴት ሳትጠየቂ አይወርድም፣ ዳታሽንም ይቆጥብልሻል። ያም ሆኖ አንድ ቀን ቀይሮት ብታገኚው ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ካርዱን ሁለቴ ክሊክ፣ ድራይቨር፣ ሮል ባክ ድራይቨር። ፍላሹ ላይ ያስቀመጥሻቸውን ሁለት ፋይሎች አታጥፊያቸው።

ከዳላስ፦

እኔ ኤንቪዲያ ሳይሆን ኤኤምዲ ራዲዮን ነው ያለኝ፣ ዴስክቶፕ ላይ። ከአፕዴት በኋላ የኤኤምዲውን ሶፍትዌር ስከፍት ዊንዶውስ አፕዴት ድራይቨራችሁን ሳይተካው አልቀረም የሚል መልእክት ይሰጠኝና አልከፈትም ይላል። ስክሪኑ ይሰራል፣ ጌምም ይሰራል፣ የማራገቢያውና የቀለም ማስተካከያው ግን አይከፈትም። የእኔም መፍትሔ ያው ነው?

ኩዳ ወዳጅ፦

በመርህ ደረጃ አዎ። ድራይቨሩና ሶፍትዌሩ እኩል ቁጥር ከሌላቸው አይግባቡም፤ ዊንዶውስ ድራይቨሩን ብቻ ሲቀይር ሶፍትዌሩ ብቻውን ይቀራል። ኢንተርኔትህን አቋርጥ፣ ከኤኤምዲ ድረ ገጽ ያወረድከውን ሙሉውን ጥቅል ጫን፣ ፋክተሪ ሪሴት የሚል ምርጫ ሲመጣ ምልክት አድርግበት፣ ከዚያ ከላይ የተባለውን የኖ ምርጫ አስተካክለህ ኢንተርኔትህን መልስ። ስክሪንህ ድንገት ቢደርቅ ደግሞ ማሽኑን በጉልበት አትዝጋ። የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢን አንድ ላይ ተጫን። ጢ የሚል ድምፅ ይሰማና ድራይቨሩ ብቻውን ይነሳል፣ የከፈትከው ስራም አይጠፋም።

ሦስተኛ ትውልድ፦

ይቅርታ ርዕሱን ላስፋው። የኔ ላፕቶፕ ኮር አይ5 3ኛ ትውልድ ነው፣ ግራፊክሱ ኢንቴል ኤችዲ 4000። አንድ ልጅ በዘዴ ዊንዶውስ 11 ጫነልኝ። ቪዲዮ ሳይ ብልጭ ድርግም ይላል። የዊንዶውስ 11 ድራይቨሩን የት ላግኝ?

የመርካቶ ቴክኒሻን፦

የትም አታገኘውም፣ ኢንቴል ለኤችዲ 4000 የዊንዶውስ 11 ድራይቨር አላወጣም። ዊንዶውስ 11 ራሱ በይፋ የሚጠይቀው ከኢንቴል ወገን 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ነው። ለዊንዶውስ 10 የወጣውን ብትጭን ብዙ ጊዜ ይሰራል፣ አሁን ቤሲክ ዲስፕሌይ ላይ ከሆንክ ልዩነቱን ታየዋለህ። ግን ዋስትና የለውም፣ የሚቀጥለው ትልቅ አፕዴት ሊያበላሸው ይችላል። ያንን ማሽን ለከባድ ስራ ካልሆነ ሊኑክስ ብታስብበት ይሻልሃል።

ኡቡንቱ ቤት፦

እውነቱን ነው። ለኤችዲ 4000 ሊኑክስ ላይ ድራይቨር የሚባል ነገር ፈልገህ አታወርድም፣ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ አብሮ አለ። ኡቡንቱን ፍላሽ ላይ አድርገህ ሳትጭነው አስነሳውና ቪዲዮ ከፍተህ እይ፣ ከተስማማህ ትጭነዋለህ።

ኤንቪዲያ ካርድ ያላችሁ ግን እዚህም ከአፕዴት በኋላ ጥቁር ስክሪን ሊገጥማችሁ ይችላል፣ ስለዚህ ይህን ያዙ። ከርነሉ ሲታደስ የኤንቪዲያው ሞጁል ለአዲሱ ከርነል እንደገና መዘጋጀት አለበት፣ ካልተዘጋጀ ስክሪኑ አይነሳም። ማሽኑ ሲነሳ ኢስኬፕ ወይም ሺፍት ይዛችሁ ግራብ የሚባለውን ሜኑ አውጡ፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ፎር ኡቡንቱ ውስጥ ግቡና የቀድሞውን ከርነል ምረጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሱ ይነሳል። ከዚያ ሶፍትዌር ኤንድ አፕዴትስ ከፍታችሁ አዲሽናል ድራይቨርስ የሚለው ገጽ ላይ ለካርዳችሁ የተመከረውን ምረጡና አፕላይ በሉት። ሴኩር ቡት የበራ ከሆነ በመሃል ፓስዎርድ ያስመርጣችኋል፤ ሪስታርት ስታደርጉ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፣ ኢንሮል ሞክ የሚለውን መርጣችሁ ያንኑ ፓስዎርድ አስገቡ። ያ ገጽ ለጥቂት ሴኮንድ ነው የሚቆየው፣ ካለፋችሁ ሞጁሉ ፊርማው ስለማይታወቅ አይጫንም፣ ድራይቨሩን ከአዲሽናል ድራይቨርስ እንደገና ማስጫን ይኖርባችኋል።